የሰው ዕቃ ቆይቶብዎታል?

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር ነበር፤ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ ሰግቼ ተውኩት። ላሟ ከሞተች ሰንብታለች፤ በረቱንም ፈልጠን ማገዶ አድርገነዋል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ከተራሮች ወዲያ፣ ስሟን ብጠራት «የእኛን ማለትህ ነው» ተብዬ የምያዝባት አንዲት አገር ነበረች። በዚያች አገር ደሃ አልነበረም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የጠያቂዎች ቤት ነው። የጠያቂዎች ቤት ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ያለ ትልቅ አዳራሽ ሲሆን፣ ሥራው በየዓመቱ በአገሩ ውስጥ ደሃ መኖር አለመኖሩን ጠይቆ ለንጉሡ መንገር ነበር። ጠያቂዎቹ በበቅሎ ተቀምጠው፣ ረጅም ገመድ በወገባቸው ጠምጥመው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ደጃፍ ሲደርሱ ከበቅሎ ሳይወርዱ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ተቸግረዋል?» አዎ ላለ ሰው ገመዱ ላይ ቋጠሮ ይቋጠርለታል።

እንግዲህ ፍረዱ! ጨዋ ሰው ባለ በቅሎ ደጁ ላይ ቆሞ «ተቸግረዋል?» ቢለው ምን ይመልሳል? «ተመስገን» ነዋ! ሆዱ ጀርባው ላይ ተጣብቆም ቢሆን «ተመስገን፣ ምን ጎደለብኝ» ይላል። ጠያቂውም «አልተቸገረም» ብሎ በቅሎውን ይኮለኩላል። ገመዱ ልሙጡን ሄዶ ልሙጡን ይመለሳል።

ክረምት ሊገባ ሲል የነጋሪት ቀን ይደርሳል። ያን ቀን ሊቀ ጠያቂው ገመዱን በብር ትሪ አድርጎ ያቀርባል፤ ንጉሡ ዓይናቸውን ጨፍነው ገመዱን በመዳፋቸው ውስጥ ያሳልፉና «ልሙጥ ነው!» ይላሉ። ነጋሪቱ ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ደሃ ባለመሆኑ ይጨፍራል። ለቋጠሮ ባለቤቶች ብቻ የሚከፈት አንድ ታላቅ ጎተራ ነበር፤ ቋጠሮ ስለሌለ ግን ተከፍቶ አያውቅም። የሚገባበት ነቀዝ ብቻ ነው፤ ነቀዝ ደግሞ ቁልፍ አይለምንም።

ይህ የድህነት ልክ ከመምጣቱ በፊት ሌሎች ልኮች ነበሩ። በአያቶች ዘመን ጭስ የወጣበት ቤት ሁሉ እንደበላ ይቆጠር ነበር፤ ሰዉ ከጎረቤት ላለማነስ ባዶ ውኃ ጥዶ እርጥብ ቅጠል ስላነደደ ደሃ የሚባል ጠፋ። ቀጥሎ ከባሕር ማዶ የተማሩ ሊቃውንት «ደሃ ማለት ጀልባ የሌለው ነው» የሚል ልክ ይዘው መጡ። በአገሩ ባሕር ቀርቶ በቅጡ የሚያዋኝ ኩሬ እንኳ አልነበረም። በልኩ መሠረት ንጉሡም ደሃ ሆነው ተገኙና ጎተራው ሊከፈትላቸው ሲል፣ መኳንንቱ ደንግጠው አንድ ጀልባ አሠሩላቸው። እስከ ዛሬም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ዶሮ ታድርበታለች።

ታዲያ አንድ ዓመት ንጉሡ ገደል ግርጌ በምትባል መንደር በኩል አለፉ። ሕዝቡ ወጥቶ እጅ ነሣ። እጅ ከነሡት መካከል ጥቂቶቹ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ፤ ቢቀሰቅሷቸው አልነሣ አሉ። ንጉሡ ጠያቂውን ጠርተው «እነዚህ ምን ብለው ነበር?» አሉት። «ተመስገን ብለው ነበር፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ተመስገን እያለ የሚሞት ሕዝብ ያሳፍረኛል» አሉ ንጉሡ። ስለ ሞቱት አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ ሥርዓቱ ሳያልቅ በመሞታቸው ተከፍተው ነው። «ድህነትን የምትይዝ ጥያቄ ለነጋሪት ቀን አምጡልኝ። ካላመጣችሁ ጎተራውን በጭቃ እመርገዋለሁ።»

ትእዛዙ የደረሰው ለሊቀ ጠያቂ ሽብሩ ነው። ሽብሩ ከተሾመ ጀምሮ ማንንም ጠይቆ አያውቅም፤ ምሳ መድረሱን እንኳ ሚስቱን አይጠይቃትም፣ ከክብሩ ያንስበታል። ስለዚህ የሚልከውን ፈለገና ይርዳውን አገኘ። ይርዳው የቤቱ መጨረሻ ጠያቂ ነበር። አንድ ጊዜ በቅሎው አንክሳበት፣ ወርዶ በእግሩ ቆሞ አንድ ሽማግሌ ሲያነጋግር ታይቷል፤ ከዚያ ወዲህ «ወራጁ» እየተባለ ይሣቅበታል። ሌላም ጉድ ነበረበት። በአገሩ ሕግ እያንዳንዱ ጠያቂ በዕድሜው አንድ ጊዜ ንጉሡን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ንጉሡም በነጋሪት ፊት የመለሱት መልስ ሕግ ይሆናል። ጠያቂዎች ሁሉ ይህን ዕድላቸውን በሹመታቸው ዕለት «እንደምን አደሩ?» ብለው ጨርሰውታል፤ ንጉሡም «ደህና» ብለው መልሰዋል፤ ስለዚህ የንጉሡ ደህና ማደር በአገሩ ሕግ ነው። ይርዳው ግን ያን ዕለት ፈርቶ አፉ ተሳስሮ ስለነበር ጥያቄው ሳትነካ ኪሱ ውስጥ ቀርታለች።

«ሂድ» አለው ሽብሩ፤ «ገደል ግርጌ ተቀመጥ። ጥያቄ ሳትይዝ ጠይቅ። ካገኘህ እኔ አገኘሁት፤ ካጣህ አንተ አጣኸው።»

ይርዳው ወረደ። መንደሯ ስሟን የመሰለች ናት፤ ከላይ ገደል፣ ከታች ወንዝ። አባ ጓንጉል የሚባሉ የመንደሩ ዳኛ አንዲት ባዶ ጎጆ ሰጡትና አብረውት ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ደሃ ማን ነው?» አላቸው።

«ደሃማ ከወንዝ ማዶ ነው ያለው» አሉት በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ይርዳው ወንዙን ተሻግሮ ጠየቀ። «ደሃማ ገደል ግርጌ ነው ያለው፤ አላየሃቸውም እንዴ?» ተባለና ተመለሰ።

አባ ጓንጉል አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሣቁበት፤ ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ አንተ መልካም ሰው ትመስላለህ፤ አንድ ነገር ልንገርህ። የዘንድሮውን ዘራችንን ቆልተን በላነው። ዝናቡ ሲወርድ መሬቱ ይጠብቀናል፣ እኛ የምንወረውርለት የለንም።» ይርዳው ደንግጦ «ታዲያ ተቸግራችኋላ!» ቢላቸው፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ቀና አድርገው «ኧረ ተመስገን!» አሉት።

ይርዳው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ሹመቱ ማሰብ ተወ። የምትፈለገው ጥያቄ በጊዜ ካልተገኘች ጎተራው ይመረጋል፤ ጎተራው ከተመረገ ደግሞ ገደል ግርጌ ሳትዘራ ክረምቱን ታሳልፋለች። ሳይዘራ የሚታጨድ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ እትዬ ወርቅያንጥፉ የሚባሉ ጎረቤት በወጭት ንፍሮ ላኩለት። ወርቅ ያንጥፉ ተብለው ስም የወጣላቸው እኚህ ሴት መሬታቸው ላይ ሰሌን እንኳ አልነበራቸውም፤ ስም አውጪ መቼ ይጠየቃል። ይርዳው ንፍሮውን በላ። የከተማ ልጅ ነውና ወጭቱን በአመድ ፈትጎ አጠበ፣ እስኪያንጸባርቅ አደረቀ፣ ራሱ ይዞ ሄዶ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ተቀበሉት። ወደ ውስጡ አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» አሉና በራቸውን ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው ዞር አለበት። ሰላም ሲል መልሱ ከሩቅ ይመጣል፤ ልጆች ባዩት ቁጥር እየተጠቋቆሙ ይሸሹታል። ግራ ገብቶት አባ ጓንጉል ዘንድ ሄደ።

«ወጭቱን ባዶውን መለስክላት አሉ» አሉት ሽማግሌው ፊታቸውን አጨፍግገው።

«አጥቤ ነው እኮ የመለስኩት!»

«ጭራሽ አጠብከው! በልቶ ወጭት ሰባሪ ሰምተናል፤ አጥቦ ባዶ መላሽ ግን አንተን አየን። በእኛ አገር ባዶ ዕቃ የሚመልሰው የተጣላ ሰው ነው። ከእንግዲህ አንተዋወቅም ማለት ነው። ቢያንስ ጨው፣ ቢያንስ አንዲት ቃሪያ ጣል ይደረግበታል።»

«ቃሪያም ያጣ ሰውስ?»

«እሱማ ያስቀምጠዋላ።»

«የት?»

«ቤቱ ነዋ! ምን ይዞ ይመልሰው? ይቆይበታል።»

ይርዳው ከኮርቻው ከረጢት የመንገድ ጨዉን አወጣ፤ ግን ጨው የሚያደርግበት ወጭት አልነበረውም፣ ወጭቱ በር በዘጉበት በእትዬ ወርቅያንጥፉ ዘንድ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና ጨዉን በባርኔጣው ይዞ ደጃቸው ቆመ። እትዬ ወርቅያንጥፉ ወጥተው የንጉሡን ጠያቂ በባዶ ራሱ፣ ባርኔጣውን እንደ ለማኝ ዘርግቶ ሲያዩት ሣቃቸው አመለጣቸው።

«ግባ» አሉት፤ «ቂል ነህ እንጂ ክፉ አይደለህም።»

ሲገባ ግድግዳው ሥር የተደረደሩ ዕቃዎች አየ፤ ወጭት፣ ገበታ፣ አንዲት ጠርዟ የተሸረፈ ሳህን። ሁሉም ተወልውለው በጨርቅ ተሸፍነዋል። ልብ ብሎ ሲያይ ሸክላዎቹ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነበሩ፤ ከወንዙ ዳር ያለችው ሸክላ ሠሪ የማንጠግቦሽ ሥራ።

«የእርስዎ ናቸው?»

«የሰው ናቸው። ይሄ የአስካለ ነው። ልጄ ታሞብኝ ሽሮ ልካልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አይቼው አላውቅም፤ ውኃ የምቀዳው ዞሬ በላይኛው መንገድ ነው።» ጨርቁን መልሰው አለበሱት። «እሷም ዕቃዬን አምጪ አትለኝም። ቅጠል ላይ እየበላች ዝም።»

«እማማ ... ተቸግረዋል ማለት ነው?»

ቆጣ አሉ። «ማን ነው የተቸገረ? እኔ ደሃ አይደለሁም! የሰው ዕቃ ነው የቆየብኝ።»

ይርዳው ያን ቀን ራት አልበላም፤ ጥያቄዋን አግኝቷታልና በጥጋብ አደረ። በማግስቱ ከደጅ ደጅ እየዞረ «የሰው ዕቃ ቆይቶብዎታል?» ይል ጀመር። ተመስገን ያለው አንድም ሰው አልነበረም! አንዱ ራሱን አከከ፤ አንዷ «እሱን እንኳ አታንሣብኝ» ብላ መሬት መሬት አየች፤ አንድ ጎልማሳ «የአማቴ ገበታ ነው ጌታው፣ ሚስቴን ልትወስድብኝ ነው» ብሎ እያለቀሰ ሣቀ። ገመዱ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆነ።

መጨረሻ ወንዝ ዳር ወረደ። ማንጠግቦሽ ጭቃ እያቦካች ነበር፤ ቤቷ እስከ ጣራው ሸክላ ሞልቶታል። «የሰው ዕቃ ቆይቶብሻል?» አላት።

«ኧረ የማንም ዕቃ የለብኝም፣ ማን...» ብላ ሣቀች። ይርዳው ግን የመጀመሪያዋን ቃል እንደሰማ «እሰይ፣ አንዲት የደላት ተገኘች» ብሎ ዞሯል። የጠያቂ እግር ከጆሮው ይቀድማል።

ጥያቄዋን ይዞ ከተማ ገባ። ሽብሩ ሰማና «እንዳገኘሁት አውቅ ነበር» አለ። ጥያቄዋ ግን ከመጽደቋ በፊት በአሳጣሪው በኩል ማለፍ ነበረባት። አሳጣሪ ማለት በቅሎዎች እንዳይሰለቹ ጥያቄ የሚያሳጥር ሹም ነው። ጥያቄዋን እንደ በግ አገላብጦ አያት።

«ቆይቶብዎታል ... ይቺ ‘ብ’ ምን ትሠራለች?»

«እሷ ናት ነገሩ» አለ ይርዳው። «ዕቃ መቆየትማ ማንም ቤት ይቆያል። የከበደው ሰው ነው ‘ቆየብኝ’ የሚለው። ‘ብ’ ከሌለች...»

«ሥጋ የላትም፤ አጥንት ናት» አለና ነቅሎ ጣላት። ጥያቄዋ «የሰው ዕቃ ቤትዎ ቆይቷል?» ሆና ወጣች። ይርዳው ጮኸ፤ ጩኸቱ ረጅም ስለሆነ እሱም ተቆረጠ። የገደል ግርጌን ገመድም «በአሮጌው ጥያቄ የተቋጠረ» ብለው መጋዘን ውስጥ ጣሉት።

አዲሲቱ ጥያቄ በከተማው ተጠየቀች። አቤት የቋጠሮው ብዛት! ለካ በየመኳንንቱ ቤት የሰው ዕቃ ሞልቷል። የአንዱ ደጃፍ ላይ የመበለት በሬ፣ የሌላው ጓዳ ውስጥ የጎረቤት ድስት፣ የአሳጣሪው አልጋ ሥር የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ። ወስደው መመለስ ስለማያውቁ ሁሉም «አዎ፣ ቆይቷል» አሉ፤ ያለ አንዳች ኀፍረት አሉ። የሊቀ ጠያቂ ሽብሩ ቤትማ አንድ ሙሉ ገመድ ፈጀ።

የነጋሪት ቀን ደረሰ። ንጉሡ ዓይናቸውን ጨፍነው ገመዱን ቢያሳልፉ መዳፋቸው ተላጠ። ሽብሩ ጎንበስ ብሎ አወጀ፦ «በአገራችን ድህነት ተይዟል! የድሆች ሁሉ ደሃ ግርማዊነትዎ ነዎት፤ የአገሩ ዕቃ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ስለቆየ። ቀጥዬ እኔ ነኝ። ጎተራው በዚሁ ተራ ይከፈታል።» የቤተ መንግሥቱ አሽከሮች ስልቻ መዘርጋት ጀመሩ።

ይርዳው ከኋላ ቆሞ ደመናውን አየ። ጠቁሯል። ገደል ግርጌ ባዶ እጇን ወደዚህ ሰማይ ስትመለከት ታየችው። ከዚያ ያቺ ያላወጣት ጥያቄ ትዝ አለችው። በሹማምንቱ መካከል ገፍቶ ወጣ።

«ንጉሥ ሆይ! አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ በሹመቴ ቀን ያልጠየቅኳት።»

ንጉሡ ልማዳቸው ሆኖ «ደህና አደርኩ» አሉ።

«እሱን አይደለም፣ ንጉሥ ሆይ። የሰው ዕቃ ቆይቶብዎታል?»

ንጉሡ አሰቡ። ውሸት እንዳልተናገሩ ልመስክርላቸው፤ ለመዋሸት የሚፈሩት ሰው ያስፈልጋል። «ቆይቷል እንጂ» አሉ በኩራት፤ «እኔ ላይ ግን ምንም አልቆየብኝም። እንዲያውም ቀሎኛል።»

ነጋሪት መቺው አጎንብሶ ስለነበር ነገሩ አልገባውም፤ ንጉሥ ሲናገሩ መምታት ሥራው ነውና መታው። በቃ፣ ሕግ ሆነ፦ «ቆይቷል» እና «ቆይቶበታል» የተለያዩ ናቸው፤ ያልቆየበት ደሃ አይደለም። ሕዝቡ መሣቅ ጀመረ፤ ሣቁ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ዙፋኑ ደረሰ። ሽብሩ የተዘረጋውን ስልቻ በቀስታ ጠቀለለ። ንጉሡ በገዛ ቃላቸው ተይዘው የገደል ግርጌን ገመድ ከመጋዘን አስወጡ።

ጎተራው ሲከፈት የላይኛው እህል ዱቄት ሆኗል፤ ነቀዙ ወፍሮ መሄድ አቅቶታል። ከሥሩ ግን ለዘር የሚሆን ተገኘ። ይርዳው በበቅሎዎች አስጭኖ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጀርባውን እየመታው ገደል ግርጌ ገባ። እህሉ በየቋጠሮው ልክ ተሰፈረ። ወርቅያንጥፉ ከድርሻቸው አንድ እፍኝ አንሥተው በአስካለ ወጭት አደረጉና በታችኛው፣ በአጭሩ መንገድ ሄዱ። አስካለ ወጭቱን አየች፣ እፍኙን አየች፣ «ምነው ይሄን ሁሉ!» አለች። ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ።

ሰፈራው ሲያልቅ ማንጠግቦሽ ባዶ እንስራዋን ይዛ ከዳር ቆማ ነበር።

«አንቺ እኮ የማንም ዕቃ የለብኝም ብለሻል» አላት ይርዳው።

«አዎ ጌታው። ‘የማንም ዕቃ የለብኝም፣ ማን ልኮልኝ ያውቃል?’ ብዬህ ነበር። ዞረሃል መሰለኝ።»

ይርዳው አሁን ገባው። መንደሩ ሁሉ በእጇ ሥራ ይበላል፤ በአንዱም ዕቃ ግን የላከላት ሰው የለም። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ዓይኗ ይበላል ይባላል። ጥያቄው የሰው ዕቃ የሌለበትን የደላው አድርጎ ነው የቆጠረው፤ የሚልክለት ሰው የሌለውን አላሰበውም። ስልቻዎቹን አራገፈ፤ አንዲት ፍሬ አልወጣም። አፈረ፤ ያን ጊዜ ባዶ ወጭት ከመለሰበት ቀን ይልቅ አፈረ።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ይህን ሰምተዋል። መሬት መሬት እያዩ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ካላቸው ዘር በወጭት ዘገኑና ወደ እሷ መራመድ ጀመሩ። ከኋላቸው አንዷ «ኧረ እትዬ፣ ዓይኗ...» ስትል ዞር አሉባት።

«በወጭቷ እየበላን ኖርን፤ ማንን ገደለች? እኛን የፈጀን ረሃብ ነው፣ እሱ ደግሞ ሸክላ አይሠራም!»

ወጭቱን በማንጠግቦሽ እጅ ላይ አኖሩት። ማንጠግቦሽ ከሥሩ ቂጡን ዳበሰችው፤ የገዛ ጣቷን አሻራ አገኘች። የሠራችው ዕቃ ምግብ ይዞ ወደ እሷ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር።

«መቼ ... መቼ ልመልሰው፣ እትዬ?»

«ምን አስቸኮለሽ?» አሏት ወርቅያንጥፉ። «ይቆይብሽ።»

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። ዳቦ ካላችሁ ከወንዙ ዳር ላለው ጎረቤታችሁ ላኩለት። ተረቴ ግን ይቆይባችሁ።